የአባዬ ኪቦርድ

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ነርሷ ናት፤ «በየቀኑ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ትኩሳቱን መዝግቢ» ብላ። እሺ። ጠዋት ግማሽ ሳህን ሾርባ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ትኩሳት የለም። ጨረስኩ። ገጹ ግን ገና ባዶ ነው፤ እኔ ደግሞ ባዶ ገጽ ትቶ መነሳት አይሆንልኝም። አሥራ ስድስት ዓመት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ሰው የተናገረውን ስጽፍ ኖሬአለሁ። የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የአባዬ ማንቁርት ከወጣ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ። ካንሰሩ የነበረው እዚያ ነው። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ነው። ድምፁ የለም፤ ተመልሶም አይመጣም። ሠላሳ አራት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው። «ፍሬን!» ሲል የሌላ ሰው መኪና ሳይቀር ይቆም ነበር እያሉ ጓደኞቹ ያሾፉበታል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሞከርን። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የጻፈውን ራሱም አያነበውም። ሌላ ከተማ የሚሠራው ወንድሜ ታብሌት ላከለት። መስታወቱ ላይ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ይወጣል። ትናንት በንዴት አልጋው ላይ ወረወረው፤ ደግነቱ አልጋው ላይ ነው።

ሰኔ 6፣ ረቡዕ

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው አለ። ሁሌ ከንፈሩ መሀል አንዲት ብሎን ስለማትጠፋ ሰዉ ሁሉ ብሎን ነው የሚለው። የአባዬን ነገር ስነግረው ብሎኗን ከአፉ አወጣና «መስታወቱን ተይው፤ ቁልፍ ያለው ነገር ነው የሚያስፈልጋቸው» አለ። ለታብሌቱ የሚሆን ተነቃይ ኪቦርድ አገኘልኝ።

ጥሩ ነገር ነው። ታብሌቱን ጠጋ ሲያደርጉት ማግኔቱ ይስበውና ጠቅ ብሎ ይቆማል። ሲፈልጉ ነቅለው መስታወቱን ብቻ ይዘው ይተኛሉ። ከታች አምስት የነሐስ ነጥቦች አሉ፤ በነሱ ነው የሚገናኙት። ጭን ላይ ሲያስቀምጡት ግን ታብሌቱ ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይገለበጣል። የሻይ ትሪ ከሥር አደረግሁለት።

ቁልፎቹ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። አንዱን አማርኛ ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ መምታት አለ፤ አባዬ ሁለተኛውን ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ የተናገረው ሁሉ በሳድስ ነው። በሃያ አምስት ቀን ውስጥ የነገረኝ የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው፦

«ልጅ ሽይው ስክር ይልውም።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሻዩ እውነትም ስኳር አልነበረውም።

ሰኔ 9፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን ስፌተኛዋ ሊጠይቁት መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ገበያ ጠሪ «እንዴት ነዎትትት?» እያሉ ጮኹበት። መናገር ያቃተው ሰው መስማትም የሚያቅተው ይመስላቸዋል፤ የሚመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው። አባዬ በአንድ ጣቱ ቁልፎቹን እየለቀመ ቆይቶ ትሪውን ወደ እሳቸው አዞረው።

«የተቆረጠው ማንቁርቴ ነው። ጆሮዬ እዚያው ነው።»

እትዬ ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቤታቸው ደርሰው ሲመለሱ የልብስ ቁጥር ከሚጽፉበት የጨርቅ ምልክት ትንንሽ ቆራርጠው አመጡና በየቁልፉ ላይ የአማርኛ ፊደል ለጠፍንለት። ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ጨመረ። ወንድሜ በስልክ «ታብሌቱ ራሱ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብለት አድርጊለት» አለኝ። ሞከርነው። አባዬ ትንሽ ሰማና «ይህን ሰውዬ ከቤቴ አስወጡልኝ» ብሎ ጻፈ።

ሙሉ ሳህን ሾርባ። ትኩሳት የለም።

ሰኔ 13፣ ረቡዕ

ዶክተሩ ደወሉ። የችሎቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ከአንገቱ የወሰዱት ናሙና ንጹሕ አይደለም። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ይላሉ፤ ሰፋ ያለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በቱቦ ነው የሚመገበው። «ከአባትሽ ጋር ተነጋገሩበትና ሐምሌ አሥር ኑ» አሉኝ።

«እናደርጋለን፣ ዶክተር» አልኩ።

ቤት ስገባ አባዬን «ትንሽ ነገር ትቀራለች አሉ» አልኩት። ቶሎ ነው የጻፈው፤ አሁንማ ለምዷል።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ናት?»

ዳቦ አልቋል ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ ዳቦ ነበር። አላየሁትም ነበር።

ሰኔ 14

ሾርባ ግማሽ። ቀኑን ሙሉ ችሎት። ለወንድሜ ደወልኩ። «አንቺ ያልሽው ነው፤ አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ» አለ። እንዲህ ይላል እንጂ ምን ይላል?

ሰኔ 18፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

አባዬ ደብዳቤ ጽፏል። ትናንት እሑድ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ነበር የዋለው፤ እኔ ልብስ ሳጥብ፣ እሱ በረንዳው ላይ ትሪውን ይዞ። ሲጨርስ ጠራኝ፤ ትሪውን በጣቱ ነው የሚመታው፣ ሁለት ጊዜ። «ይህን ቢሮሽ አትመሽ ለዶክተሩ አድርሺልኝ» ይላል።

አሁን ቢሮ ሆኜ አነበብኩት። በጣም ረዝሟል። ሦስት ገጽ ነው። ዶክተሩ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያዩት? ሦስት ገጽ ማን ያነባል? ስለ ሥራው አለ፣ ስለ እማዬም አለ፤ ለሐኪም ምን ይጠቅማል? አሳጠርኩት። ግማሽ ገጽ ሆነ። ፍሬ ነገሩን አልነካሁም፤ እንቅልፉ፣ ሳሉ፣ ሾርባው፣ የአንገቱ ሕመም ሁሉም አለ። ስለ ቀዶ ጥገናው የጻፋትን አንቀጽ ብቻ፣ ገና ምኑም ስላልተወሰነ፣ ለጊዜው አወጣኋት። መዝጊያ ስላልነበረው ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ስለ ቀጣዩ ሕክምና የእርስዎን ምክር እጠብቃለሁ።» ደብዳቤ ያለ መዝጊያ አይሆንም።

ለጸሐፊያቸው ሰጥቼ መጣሁ።

ሰኔ 20፣ ረቡዕ

ዛሬ ችሎት ላይ አንድ ምስክር «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ካደ። ዳኛዋ «አንብቢለት» አሉኝ። አነበብኩለት፤ ያለውን፣ እንዳለው፣ «እ… እንግዲህ…» ያላትን ሳትቀር። ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ይቺ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ስትጽፍልኝ አንድ ቃል ጨምራ፣ አንድ ቃል ቀንሳ አታውቅም» አሉ በሰው ሁሉ ፊት።

ከዚያ በኋላ ራሴን አመመኝ። መነጽሬ ሳይለወጥ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኔ 24፣ እሑድ

«ዶክተሩ መለሰ?»

በየቀኑ ይጠይቀኛል። «አልመለሱም» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ አልመለሱም።

ኪቦርዱ መበላሸት ጀምሯል። ለቀዳዳዋ እንፋሎት እንዲታጠን ታዞለት የለ? ሳህኑን አጠገቡ አድርጎ ነው የሚጽፈው። እርጥበት ገብቶበት መሰለኝ ይያያዝና ይጠፋል፤ ይያያዝና ይጠፋል። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲቆም እጁን አንስቶ ያየኛል፤ እኔ ያጠፋሁት ይመስል።

ሰኔ 25፣ ሰኞ

ኪቦርዱን ለብሎን ሰጠሁት። ገለበጠው፣ አየው፣ «ነጥቦቹ ዝገዋል፤ የነገ ሰው ይበለን፣ ነገ ውሰጂው» አለ።

ሰኔ 26፣ ማክሰኞ

ብሎን አድርሶልኛል። ነጥቦቹን አጽድቶ፣ ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ አድርጎለታል። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ረጅም ችሎት ነበር። ስወጣ ረሳሁት።

ሰኔ 28

ዛሬም ረሳሁት። ነገ።

ሰኔ 30፣ ቅዳሜ

ቢሮ ዝግ ነው። ሾርባ ሙሉ ሳህን። አባዬ መስታወቱ ላይ «ኪቦርድ» ብሎ ሊጽፍ ሞክሮ «ኪቦኦርርድ» ሆነበት። «ዕቃ ጠፍቶበት ነው፣ ሰሞኑን ይደርሳል አለኝ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰፈሩን ሲያይ ዋለ። ዝናቡ ሲመጣ እንኳ አልገባም፤ ሄጄ ነው በክንዱ ይዤ ያስገባሁት።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ፣ በጠዋት

ቤቱ ጸጥ ብሏል። እውነቴን ነው፣ ትንሽ አርፌአለሁ። ከሥራ ስገባ ጥያቄ የለም። ሾርባውን አቀርባለሁ፣ ይጠጣል፣ ቀዳዳዋን አጸዳለሁ፣ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮው ነው። እሱ እስኪያልፍ ነው እንጂ ሰው በሕመም ላይ ብዙ ባያስብ ይሻለዋል።

ኪቦርዱን ዛሬ አመጣለሁ፤ ካልረሳሁት።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

ስገባ አባዬ ጫማውን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ጭቃ ነው። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ብቻውን ከበር ወጥቶ አያውቅም።

«የት ሄደህ ነው?» አልኩት።

ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አደረገና መስታወቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ይሳሳታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና። ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ ጠበቅሁት። አራት ቃል ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እንጃ፤ ለእኔ ግን ረዘመብኝ።

«ብሎን በጣም ሰላም ብሎሻል።»

ሻርፑን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ኪቦርዱ ከተጠገነ ዘጠኝ ቀን። ብሎን ነግሮታል ማለት ነው፤ ለምን አይነግረውም?

ሾርባ አልጠጣም። እኔም እራት አልበላሁም።

ሐምሌ 6፣ ዓርብ

ኪቦርዱን አመጣሁት። ራሴ አያያዝኩት፤ ጠቅ አለ፣ ልክ እንደ አዲስ። ትሪውን ጭኑ ላይ አደረግሁለት።

አየው። አልነካውም።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

ዛሬም አልነካውም። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጨርቅ አንዱ ሊነሳ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ለጠፍኩት። «አባዬ፣ ይሠራል እኮ» አልኩ። ጥግ ላይ የቆመ ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ።

ስፌተኛዋ መጥተው እንደ ልማዳቸው ሲያሳስቁት ሊያመሹ ፈልገው ነበር። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና «ቤታችሁ ምን ገባበት?» አሉ። «ደክሞት ነው» አልኩ። እሳቸው ግን ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ይዘው «የደከመውስ ማን እንደሆነ አላጣሁትም» አሉኝ።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ

ጠዋት ልወጣ ስል ትሪዋ ሁለት ጊዜ ተመታች። ሮጬ ነው የተመለስኩት።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው ቀጠሮው?»

«ሦስት ሰዓት» አልኩት።

«ኪቦርዱን ቻርጅ አድርጊው።»

ሐምሌ 10፣ ማክሰኞ

ሁሉንም እጽፋለሁ፤ እንደ ሥራዬ፣ የተባለውን እንደተባለ።

ዶክተሩ ጥሩ ሰው ናቸው። ደክሟቸው ነበር። መዝገቡን ገለጡና ፊታቸው ፈታ አለ። «ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፣ አባቴ። ምክሬን እንደሚጠብቁ ጽፈዋል። ምክሬ ቀዶ ጥገናው ነው። ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን ይዘናል። ልጅዎ ፎርሙን ትፈርማለች።»

አባዬ እጁን ዘረጋ። ዶክተሩ ምን እንደፈለገ አልገባቸውም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። «ደብዳቤውን ማየት ፈልጎ ነው» አልኩ።

አነበበው። ግማሽ ገጽ ነው፤ ለማንበብ ጊዜ አይወስድም። እሱ ግን ቆየበት። ከዚያ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ታብሌቱን ከቦርሳው አወጣ፣ ኪቦርዱን አወጣ፣ የዶክተሩን እስክሪብቶዎች በክንዱ ገፋ አድርጎ ሁለቱን አያያዘ። በዚያች ክፍል ውስጥ የሱ ጣት ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግሞ አፍረው እጅጌያቸውን ሳቡበት። እኔ መሬቱን አይ ነበር። ሁሉን ነገር ጠበቅሁ፤ «ልጄ ዋሽታኛለች» እንዲል ጠበቅሁ።

ታብሌቱን ወደ ዶክተሩ አዞረው።

«ልጄ ያሳጠረችው የእርስዎ ጊዜ እንዳይሄድ ብላ ነው። ሙሉው እዚህ አለ። እሷ ታንብብልዎት። ሥራዋ ነው።»

ጣቱን ሦስት ጊዜ መትቶ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፈተና ወደ እኔ ገፋው።

አነበብኩ። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ችሎት ልማድ ነው። እዚህ የምገለብጠው ያን ያወጣሁትን ነው፤

«ዶክተር፣ ሠላሳ አራት ዓመት መንዳት ከማያውቅ ሰው ጎን ተቀምጬ ኖሬአለሁና በቀላሉ አልደነግጥም። እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ትንሽ ነገር ቀረች ብላኛለች። ፊቷን አይቻለሁ፤ ትንሽ አይደለችም። ሌላ መቆረጥ ከሆነ አልፈልግም። ባለቤቴ የዛሬ ስድስት ዓመት ስትታመም ‹አንድ ሌላ ይሞከርላት› ሲሉኝ ፈረምኩ። እሷን አልጠየቅኋትም። የመጨረሻዋን አርባ ቀን ኮርኒስ ስታይ ነው ያሳለፈችው። አንድ ቀን እጄን ይዛ ‹ቤት ውሰደኝ› አለችኝ። ‹ነገ› አልኳት። በማግስቱም ‹ነገ› አልኳት። ልጆቼ ይህን አያውቁም። ልጄ እኔን ‹ነገ› እያለች ቆይታ ኋላ እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም። ብቻዋን መቅረት ትፈራለች። አትናገረውም፤ ግን ቤት ስትገባ በሩን ሳትዘጋ ነው ስሜን የምትጠራው። ስለዚህ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ይንገሩኝ። ስንት ጊዜ አለኝ? በዚያ ጊዜስ ምን መብላት፣ የት መሄድ እችላለሁ?»

አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም። «እያለች» የምትለዋ ላይ ብቻ ትንሽ ቆም አልኩ።

እኔ ይህን ደብዳቤ ሰኔ አሥራ ስምንት ምሳ ሰዓት አንብቤዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ «ስለ እማዬም አለ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ደግሞስ እንዳትምለት የሰጠው ለማን ሆነና? እንደማነበው እያወቀ ለእኔ ነው የሰጠኝ። መልሱን ከዶክተሩ ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው።

ዶክተሩ መዝገቡን ዘጉት። ከዚያ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው አባዬ ፊት ለፊት አደረጉትና ለእሱ ተናገሩ፤ እኔን አንዴም አላዩኝም። ቀዶ ጥገናው ጊዜ ሊጨምርለት ይችላል፣ ላይጨምርም ይችላል። አብዛኛውን ግን ሆስፒታል ነው የሚያሳልፈው። ካልተደረገ ምናልባት አንድ ዓመት፤ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ሊሆን ይችላል። «ሕመሙን በመድኃኒት እንይዘዋለን፣ በየወሩ እናይዎታለን» አሉት። «እኔ ሐኪም ስለሆንኩ ቀዶ ጥገናውን ነው የምመክርዎት» አሉ። «በእርስዎ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም፤ እውነቱ ይህ ነው።»

አባዬ «አመሰግናለሁ። በየወሩ ይሁን» ብሎ ጻፈ።

ፎርሙን ራሱ ፈረመ፤ ሕክምናውን አልፈልግም የሚለውን። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ጠዋት ቀዳዳዋን ሳጸዳለት መናገር አልቻልኩም፤ ከሁለታችን ዲዳዋ እኔ ሆንኩ። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «የኪቦርዱንም፣ የደብዳቤውንም። ረስቼው አልነበረም።»

ይህን በቃሌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር።

ትሪውን ሳብ አደረገ።

«በኪቦርዱ እስከ እሑድ ተቀይሜሽ ነበር። በደብዳቤው ዛሬ እስከ ምሳ። ከዚህ በላይ ለመቀየም ጊዜ የለኝም።»

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ ጻፈ፦

«እኔም ለእናትሽ ይህን ቃል ሳልላት ነው የሄደችው። አንቺ ቀድመሽኛል።»

ሙሉ ሳህን ሾርባ። ሁለቴ።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ወንድሜ መጣ። ስምንት ሰዓት ነድቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ። በሩ ላይ እንዳለ ነው የጀመረኝ። «አንቺ አጠገቡ ሆነሽ እንዴት እምቢ ሲል ዝም ትያለሽ? ሰው አባቱን እንዲህ ይለቃል?»

እኔ ራሴ እስከ ማክሰኞ ድረስ እንደሱ ነበርኩ፤ እንዲያውም የባስኩ።

ትሪዋ ተመታች። ሁለታችንም ዞርን።

«ቁጭ በል። ታላቅ ወንድም ቆሞ አይጮህም። እሷ አለቀቀችኝም፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለህ ለእኔ ነው።»

ወንድሜ ተቀመጠ። እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከዚያ ግንባሩን የአባዬ ክንድ ላይ አሳረፈ፤ አባዬም በግራ እጁ ጭንቅላቱን እያሻሸ፣ በቀኝ ጣቱ «ፀጉርህ አልቋል እኮ» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ አንብቦ በእንባው መሀል ሳቀ።

ሐምሌ 16፣ ሰኞ

ወንድሜ በአውቶብስ ተመለሰ። አሮጌ መኪናውን ትቶልናል። «አባዬን ወደ ሐኪም መውሰጃ ይሁናችሁ» አለ። ማን እንደሚነዳት አልተነጋገርንም። ሃያ ዓመቴ ላይ አባዬ ሊያስተምረኝ ሞክሮ፣ አራተኛው ቀን ላይ «ፍሬን!» ብሎ ጮኸብኝና መኪናዋን መሀል መንገድ ትቼ በእግሬ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም።

አባዬ ዛሬ መስኮቱ ጋ ቆሞ መኪናዋን ብዙ አያት።

«የተማሪ ፈቃድ አውጪ» ብሎ ጻፈ።

«አባዬ፣ አርባ አንድ ዓመቴ ነው» አልኩት።

«ስልሳ ሦስት ዓመት የሆናትን ሴት አስተምሬአለሁ። ከአንቺ ትሻል ነበር።»

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ፈቃዱ ወጣ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሰፊ ሜዳ ጀመርን። ትሪው ጭኑ ላይ፣ ታብሌቱ ትሪው ላይ። መኪናዋ የአስተማሪ ፍሬን የላትም፤ ስለዚህ አንድ እጁ የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው፣ በሌላው ይጽፋል። እኔ ለማንበብ መቆም አለብኝ። ስቆም ሞተሩ ይጠፋል። ሲጠፋ አነባለሁ፦ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።» ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ። አሥራ አንድ ጊዜም ያንኑ ነው ያነበብኩት፤ እንደገና አይጽፍም፣ በጣቱ ያሳየኛል።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ሦስተኛ ማርሽ ገባሁ። አባዬ መስኮቱን አውርዶ ነፋሱ ሻርፑን ሲያርገበግበው ነበር። ሌሊት አንገቱን ያመው ነበር፤ መድኃኒቱን ጨምረንለታል። ክብደቱ ትንሽ ቀንሷል። ለነርሷ ጽፌአለሁ።

የወንድሜን ከተማ መንገድ ካርታ ላይ አሳየኝ። እኔ እየነዳሁ እንድንሄድ ይፈልጋል፤ ክረምቱ ሲወጣ። «ስምንት ሰዓት ነው እኮ» አልኩት። «ለአንቺ አሥራ አራት» አለ።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከሜዳው ወጥተን ዋናው መንገድ ገባን። አልፈልግም ነበር፤ እሱ ነው በጣቱ ወደ ቀኝ ያሳየኝ። እስከ ትልቁ መብራት ድረስ ደህና ነበርኩ። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ቆምኩ። አረንጓዴ ሆነ፣ ልነሳ ስል ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁት፣ ጠፋ። ከኋላዬ ታክሲ፣ ከታክሲው ኋላ የጭነት መኪና፣ ከዚያ ኋላ የማላየው ሰልፍ። ጥሩምባው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አንዱ ሾፌር ጭንቅላቱን አውጥቶ «እመቤቴ፣ ልናድር ነው?» አለኝ። እጄ አንድ ቁልፍ ማዞር አቃተው።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ? አባዬ!»

አባዬ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወደ ኋላ እንኳ አላየም። ትሪውን አስተካክሎ፣ ታብሌቱ በደንብ መያዙን በጣቱ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሀል፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ቁልፍ፣ ሌላ ቁልፍ፣ እየለቀመ ጻፈና አዞረልኝ።

«ይጠብቁ።»

ተነፈስኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ጠበቁን።